ጣራው አያፈስም፤ እንፋሎቱ ነው፦ በአሮጌ ቤት የመታጠቢያ ቤት ፋን ወዴት ይተንፍስ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤቱ ከወላጆቼ የወረስነው የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው በስሚንቶ ተለስኗል፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በጓሮ በኩል ካለው ክፍል ከፍለን መታጠቢያ ቤት አወጣን፤ 2 ሜትር በ1.80 ነው። መስኮት ስለሌለው ኮርኒሱ መሀል ላይ የአየር ማስወጫ ፋን ተገጠመ። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ይንጠባጠባል፣ ጠርዙም ጠቁሯል። ቆርቆሮ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሚስማሮቹን ሬንጅ ቢቀባም ለውጥ የለም። ቧንቧ ሠራተኛው የፋኑን ቱቦ በኮርኒሱ ውስጥ ከሚያልፈው ከሴፕቲክ ታንኩ መተንፈሻ ጋር ላያይዘው ይላል። ባለቤቴ ጉልበት ያለው ፋን እንግዛ ባይ ነው፤ አማቴ ደግሞ ሙቀት ስለሚያወጣ ንቀሉት ይላሉ። የማንን እንስማ?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ የማንንም። ሬንጁም በከንቱ ነው የፈሰሰው፤ ጣራዎ አያፈስም። ዝናብ በሌለበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ያውም ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማግስት የሚንጠባጠብ ኮርኒስ ውሃውን ያገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከገላ መታጠቢያው ነው። ፋኑ እንፋሎቱን ከኮርኒሱ ሥር ስቦ ከኮርኒሱ በላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ከጀርባው ተጣጣፊ ቱቦ ቢሰካበትም የቱቦው ጫፍ ቆርቆሮው ሥር ተጋድሞ ከቀረ ያው ነው።

የሚደፋው ውሃ ትንሽ አይደለም። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለውና እንፋሎት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 23 ግራም ያህል ውሃ ተሸክሟል። ያው አየር ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መሸከም የሚችለው ወደ 7 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው 16 ግራም ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በሰዓት 80 ሜትር ኩብ የሚያንቀሳቅስ ተራ ፋን ለ20 ደቂቃ ቢሠራ 27 ሜትር ኩብ ገደማ ወደ ላይ ይልካል። አየሩ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ የጠገበ ስለማይሆን ግማሹን ብቻ ብንቆጥር እንኳ አንድ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ከ200 ግራም ያላነሰ ውሃ ኮርኒሱ ላይ ይቀራል። አምስት ሰው ከታጠበ ከአንድ ሊትር በላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በየቀኑ ችፑድ ላይ ቢያፈሱ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩ የሚብሰው በቆርቆሮው ምክንያት ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ አገር፣ ደመና በሌለበት ሌሊት፣ ስስ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ውርጭ ቆርቆሮው ላይ ቶሎ የሚታየው። ማታ ከኮርኒሱ በላይ የተደፋው እንፋሎት ሌሊቱን በቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ሆኖ ይያያዛል፤ ብርዱ ከጠና ይረጋል። ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው በአንድ ጊዜ ይቀልጥና ይወርዳል። ሰው «ጣራው አፈሰሰ» የሚለው ያኔ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ይኸው ጥፋት ቢሠራ ሌሊቱ ስለሚሞቅ ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል፤ ትክክል ነበር ማለት ግን አይደለም።

ማረጋገጥ ከፈለጉ አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በባትሪ መብራት ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ይዩ። ጤዛ ከሆነ ጠብታው በቆርቆሮው ሆድ ሁሉ ላይ ተዘርቶ፣ በሁሉም የሚስማር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኙታል። ፍሳሽ ከሆነ ግን ከአንድ ሚስማር ወይም ከአንድ መደራረቢያ ተነስቶ ማገሩን ይዞ የሚወርድ መስመር ይሠራል፣ ሌላው ደረቅ ነው። አሁንም ከተጠራጠሩ እኩለ ቀን ላይ፣ ቆርቆሮው ደርቆ ሳለ፣ በጎማ ከታች ጀምረው ወደ ላይ እያሉ ለአሥር ደቂቃ ያህል ውሃ ያፍስሱበት። ውስጡ ደረቅ ከሆነ ቆርቆሮ ሠራተኛውን ከእንግዲህ አይጥሩ።

አሁን ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ሐሳብ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ አያስነኩት። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ሚቴንና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይፈጠራሉ፤ የመተንፈሻው ቱቦ ሥራ እነሱን ከቤቱ በላይ ማውጣት ነው። ፋን እዚያ ላይ ሲያያዝ ሁለት ነገር ይመጣል። ፋኑ ሲሠራ የሚገፋው አየር ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ፍሳሽ መስመሩም ይገባና በሲፎኖቹ ውስጥ ሽታ አግዶ የተቀመጠውን ውሃ ይረብሸዋል። ፋኑ ሲጠፋ ደግሞ ያ ቱቦ ከታንኩ እስከ መታጠቢያ ቤትዎ የተከፈተ መንገድ ይሆናል፤ ፋኑ አፍ ላይ ያለችው ስስ ክዳን ነፋስ ትመልስ እንደሆን እንጂ ጋዝ አታግድም። ሚቴን ይቀጣጠላል፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ደግሞ ሲበዛ የማሽተትን ስሜት ራሱን ያደነዝዛል፤ ሽታው ስለጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ምክንያት የፋኑን ቱቦ ከኩሽና ጭስ ማውጫ ጋርም አያገናኙት።

ትልቅ ፋን መግዛት በሽታውን ማፍጠን ነው፤ የሚያወጣበት ቦታ እስካልተለወጠ ድረስ ብዙ እንፋሎት በአጭር ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ይከምራል። ደግሞም አያስፈልግዎትም። ክፍልዎ ከፍታው 2.40 ቢሆን ይዘቱ 8.6 ሜትር ኩብ ነው። የመታጠቢያ ቤት አየር በሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ቢለወጥ በቂ ስለሆነ ከ70 እስከ 86 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት ነው፤ አፉ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በካርቶኑ ላይ ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ በሰዓት የተጻፈበት ተራ ፋን ይበቃዋል። ልብ ይበሉ፦ በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፋኑ ያለ ቱቦ ሲለካ የሰጠው ነው። እያንዳንዱ ሜትር ቱቦ ይቀንሰዋል፣ እያንዳንዱ የ90 ዲግሪ ክርን ደግሞ ሜትር ተኩል ያህል ቀጥ ያለ ቱቦ እንደመጨመር ነው። «75 ቱቦ ተርፎኛል» ብሎ አጥብቦ የሚያስገባም ብዙ ነው፤ የ100 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስፋት 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ሲሆን የ75ቱ 44 ብቻ ነው፤ እኩሌታው ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው። በብዙ ቤት «ፋኑ አይስብም» የሚባለው ከቱቦው እንጂ ከፋኑ አይደለም።

የአማትዎ ስጋት ምክንያት አለው፤ በእርስዎ አገር ብርድ ሙቀት ማባከን ቀልድ አይደለም። ግን እንቁጠረው። ይህ ፋን ከውጭው በ15 ዲግሪ የሚሞቅ አየር ለ20 ደቂቃ ቢያወጣ ይዞት የሚሄደው ሙቀት አንድ አሥረኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ገላ 30 ሊትር ውሃ በ25 ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ወደ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ካሞቁት ዘጠኝ እጅ አንዱን እጅ ብቻ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ፋኑ ራሱ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከ15 እስከ 25 ዋት ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ፋኑን ነቅለው መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ መታጠብ ከጀመሩ ግን እንፋሎቱ በበሩ በኩል ወደ መኝታ ቤት ይገባና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጥግ ላይ ሻጋታ ሆኖ ይጠብቅዎታል። እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ከደረቅ ግድግዳ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

ሁለት ነገር ሳይነሳ አይቀርምና እዚሁ ላንሳው። «ከፍታ ቦታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ፋን አይሠራም» የሚሉ አሉ። አየሩ ስስ መሆኑ እውነት ነው፤ ፋኑ በሰዓት የሚያንቀሳቅሰው ሜትር ኩብ ግን ያው ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የሚይዘውን እንፋሎት የሚወስነውም ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። ሌሎች ደግሞ «በክረምት ውጪው ራሱ ጉም ነው፣ እርጥበት ይገባብናል» ይላሉ። የጣርማ በርን ወይም የአንኮበርን የሐምሌ ጉም ያየ ሰው ቢፈራ አይገርምም። ነገር ግን በ10 ዲግሪ የጠገበ አየር የያዘው ውሃ 9 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ቤት ገብቶ እስከ 18 ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም ከሚችለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ የያዘ ይሆናል። ጉም ቢሆንም ከመታጠቢያ ቤትዎ እንፋሎት ይሻላል። ክረምት ላይ ማድረቁ ይዘገያል እንጂ አይከሽፍም፤ ፋኑን አሥር ደቂቃ ጨምሮ ማሠራት ነው።

መውጫው በሦስት በኩል ሊሆን ይችላል፦ በግድግዳ፣ በጣራ፣ ወይም አሁን ካለበት በኮርኒሱ ውስጥ በቱቦ ተጉዞ በጣራው ክፈፍ ሥር። የመጨረሻው ለሠራተኛ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ በአሮጌ ቤት ግን ከክፈፉ ሥር በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ስለማይጠፋ ያወጡት እንፋሎት በነፋስ ተገፍቶ ተመልሶ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። በጣራ ማውጣት ይቻላል፤ ለአሮጌ ቆርቆሮ ግን የመጨረሻ ምርጫ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ በቱቦው ዙሪያ የተቀባ ሲልከን ብቻውን ይህን እንቅስቃሴ አይችለውም፤ ይሰነጠቅና ያን ጊዜ እውነተኛ ፍሳሽ ይመጣብዎታል። የግድ ከሆነ ቱቦው በቆርቆሮው ሸንተረር ጉብታ ላይ እንጂ በቦዩ ውስጥ አይለፍ፤ በዙሪያው የሚደረገው ላሜራም የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ገብቶ፣ የታችኛው ጠርዙ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይሁን። ከላይ ቆብ ያስፈልገዋል፤ በኮርኒሱ ውስጥ ያለው የቱቦው ክፍልም ሙቀት በሚያግድ ነገር መጠቅለል አለበት፤ አለዚያ ጤዛው ቱቦው ውስጥ ተሠርቶ ወደ ፋኑ ሞተር ይንጠባጠባል።

የእርስዎ ክፍል በጓሮ በኩል ወደ ውጪ የሚወጣ ግድግዳ አለው፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀ ነው፦ ፋኑን ከኮርኒሱ ነቅለው ወደዚያ ግድግዳ ያዙሩት፣ ቀጥ ብሎ፣ አንድም ክርን ሳይኖረው ወደ ጓሮ ይውጣ። ቱቦው የግድግዳው ውፍረት ያህል ብቻ ይሆናል፤ ጤዛ የሚሠራበት ርቀት የለም፤ ቆርቆሮውም አይነካም።

ቦታውን ሲመርጡ ከኮርኒሱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበሉ፤ እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከዚያ በታች መውረድ አይጠቅምም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የግድግዳውን አናት የያዘውን እንጨት ያገኙታል። ከበሩ ይራቅ፤ በበሩ ሥር የገባው አየር ክፍሉን አቋርጦ እንዲሄድ ነው። በሩ አጠገብ የተተከለ ፋን የበሩን አየር ብቻ እየሳበ እንፋሎቱን ጥግ ላይ ይተወዋል። ከሻወሩ ጠርዝ ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይራቅ፤ ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ። ነፋስ በብዛት የሚመጣው ከዚያ ጓሮ በኩል ከሆነ የውጪው ቆብ አፉ ወደ ታች የተደፋ ዓይነት ይሁን።

የሚገዛው ነገር ጥቂት ነው፦ ነፋስ ሲመልስ የሚዘጋ ክዳን ያለው የ100 ሚሊ ሜትር ፋን፣ የ110 ፒቪሲ ቱቦ ግማሽ ሜትር ያህል፣ የውጪ ቆብ፣ ዓይኑ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት፣ አንድ ሲልከን፣ ስስ የስፖንጅ ጥቅል። የ110 ቱቦ ውስጡ ከፋኑ አፍ ጥቂት ይሰፋል፤ ክፍተቱን በስፖንጁ ጠቅልለው ያጥብቁት። የወባ መረብ ዓይነት ደቃቅ ወንፊት አያድርጉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ይደፈናል። ጭራሽ ባዶ መተውም አይሆንም፤ ሞቅ ያለ ቀዳዳ ካገኘች ወፍ ትሠራበታለች፣ አይጥም መግቢያ ያደርገዋል።

የጭቃ ግድግዳ መብሳት እንደ ብሎኬት አይደለም። መጀመሪያ ቋሚውን ፈልጉ። ግድግዳውን እየቆረቆሩ ድምፁን መስማት ይረዳል፤ ስሚንቶ ልስን ካለው ግን ድምፁ ያታልላል፤ ስለዚህ ትራፓኖ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስገብታችሁ በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ሞክሩ። ጭቃ ከሆነ ትቢያ ይወጣል፤ እንጨት ከሆነ ፍቅፋቂ። ከዚህ በፊት ግን ብሬከሩን አጥፉ፤ በአሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦ በልስኑ ሥር የት እንደሚሄድ የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ቋሚ አይቆረጥም፤ ቀዳዳው ቋሚ ላይ ከወደቀ ወደ ጎን ይሂዱ። አንድ ማገር ቢቆረጥ ችግር የለውም፤ ጫፎቹ ግን ሳይጨበጡ እንዳይቀሩ ከጎረቤት ቋሚዎች ጋር በሽቦ ወይም በሚስማር ይያያዙ።

ቦታው ከታወቀ በኋላ መሀሉ ላይ በረጅም ፑንታ ከውስጥ ወደ ውጪ አንድ ቀዳዳ ያውጡ፤ ወደ ውጪ ትንሽ ያዘቀዘቀ ይሁን። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር የውጪው ጫፍ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ይበቃል፤ ይህ ዝንባሌ ጤዛም ሆነ በነፋስ የገባ ዝናብ ወደ ፋኑ ሳይሆን ወደ ጓሮ እንዲፈስ ነው። በሁለቱም በኩል 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሳሉ፣ በክቡ መስመር ላይ ተቀራራቢ ቀዳዳዎች ይብሱ፣ ከዚያ ጭቃውን በቢላና በሴጌቶ ከሁለቱም ወገን ወደ መሀል ይፈልፍሉት። በመዶሻና በመሮ መደብደብ የሚቀናው ሠራተኛ እዚህ ላይ ይከልከል፤ ንዝረቱ ጭቃውን ከማገሩ ያላቅቀዋል፤ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር የፈለጉ ሰዎች ግማሽ ሜትር ግድግዳ የሚወርድባቸው በዚህ ነው።

ቱቦው ከውስጥ ከልስኑ ጋር እኩል ይሁን፤ ከውጪ ግን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ይህችን ሳንቲ ሜትር የሚቆጥብ ሠራተኛ የጤዛውን ጠብታ ግድግዳዎ ላይ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ የረጠበ ጭቃ ደግሞ ከልስኑ ኋላ ሆኖ ሳይታይ ይናዳል። በቱቦውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በስሚንቶ አይሙሉት። ጭቃው በእርጥበትና በድርቀት ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ስሚንቶው አብሮት አይሄድምና በዙሪያው ስንጥቅ ይፈጠራል። ግድግዳው የተሠራበትን ዓይነት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ ጥቂት ቀን አሳድረው፣ በሁለት ዙር ይምረጉት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርቡ። የውጪው ልስን የሚከተለው ያ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሲልከኑ ደግሞ በመጨረሻ፣ ቱቦው ከልስኑ በሚገናኝበት ዙሪያ። ፎም ፈጥኖ ይሞላል፤ አይጥ ግን ይፈለፍለዋል። ወደ ውጪ የወጣውን ፒቪሲ ቀለም ይቀቡት፤ ፀሐይ ፒቪሲን ያደርቀውና ያሰባብረዋል።

በመንዝ በኩል በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወፍር ግድግዳ ያላችሁ መብሳት አትሞክሩ፤ ከአናቱ አካባቢ አንድ ድንጋይ ነቅላችሁ፣ ከላይ ያለውን የሚሸከም ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም እንጨት አስገብታችሁ፣ በቦታው ቱቦውን ብትገነቡ ይቀላል። መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ደግሞ ግድግዳ መንካትም አያስፈልገው፤ የላይኛውን አንድ መስታወት አውጥቶ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ ማስገባትና ፋኑን እሱ ላይ ማሰር ነው፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ኤሌክትሪኩን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉት፤ የሚጠይቁትን ግን ይወቁ። ከሻወሩ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ ያልኩት ውሃ የሚረጭበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ የሚቀርብ ከሆነ ፋኑ «አይፒ ኤክስ 4» የሚል ምልክት ያለው፣ ማለትም የሚረጭ ውሃን የሚቋቋም መሆን አለበት። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጪ ይሁን፤ መገጣጠሚያው በሳጥን ውስጥ እንጂ በፕላስተር ተጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ የሚጣል አይሁን፤ የረጠበው ኮርኒስ ላይ ደግሞ በተለይ። የቤቱ መስመር አሮጌ ከሆነና የመሬት ሽቦ ከሌለው ከፋኑ በፊት እሱ ይሠራ፤ መታጠቢያ ቤቱን በሚመግበው መስመር ላይም 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ይግባ። የኤሌክትሪክ ሻወር ባለበት ቤት ይህ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ብዙዎች የሚረሱት የሚገባውን አየር ነው። በሩ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ፋኑ የሚስበው አጥቶ በባዶ ይዞራል፤ ድምፁ አለ፣ ሥራው የለም። ከበሩ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይቁረጡ፤ በ70 ሳንቲ ሜትር በር ላይ 105 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከፋኑ አፍ ጥቂት ይሰፋል፤ ልክ ነው። ከውስጥ በኩል ጨርቅ እየጎተቱ የሚደፍኑትን ልጆች መቆጣጠር የእርስዎ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ። ፋን ከክፍሉ የሚያወጣውን ያህል ከቀሪው ቤት ይስባል። በብርዱ ምክንያት ከሰል ያቀጣጠለ ማንደጃ ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ካለ ፋኑ ጭሱንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይጎትተዋል፤ ያውም በር ዘግቶ ወደሚታጠብ ሰው። ፋኑ አለ ብሎ ከሰል ቤት ማስገባት በፍጹም አይቻልም፤ መታጠቢያ ቤቱን «ለማሞቅ» ብሎ ከሰል ማስገባትማ ሰው ገድሏል። በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ያለበትም ቤት ማሞቂያው የራሱ ጭስ ማውጫ ሳይኖረውና ሳይፈተሽ ፋን አይግጠም፤ ፋኑ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛውን ከመሸኘትዎ በፊት ይፈትኑት። በሩን ዘግተው አንድ ሶፍት የፋኑ ወንፊት ላይ ያስጠጉ፤ ተጣብቆ መቅረት አለበት። ዕጣን አጭሰው በበሩ ሥር ይያዙት፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ፋኑ መሄድ አለበት። ሦስተኛ፣ ጓሮ ወጥተው በቆቡ በኩል የፋኑ ክዳን መነሳቱን ይዩ። ሦስቱንም ካላለፈ መጀመሪያ የበሩን ክፍተት፣ ቀጥሎ ክዳኑ በሲልከን ተጣብቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ይህ የመጨረሻው ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል።

አጠቃቀሙ አጭር ነው፦ ውሃው ሲከፈት ፋኑ ይነሳ፣ ታጥበው ከወጡ በኋላ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ በሩ ዝግ እንደሆነ። ውሃው ሲዘጋ አብሮ የሚያጠፋው ሰው በአየሩ ያለውን እንፋሎት እንጂ ግድግዳና ወለል ላይ የቀረውን አላወጣም። መብራት ሲጠፋ ግድግዳውን በጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን ውጪ መጭመቅ ብዙውን ውሃ ይቀንሳል። በየሦስትና በየአራት ወሩ ብሬከሩን አጥፍተው የፋኑን ቅጠሎች ከአቧራ ያጽዱ፤ በበጋ የደብረ ብርሃን አቧራ ከታጠበ ፎጣ ብናኝ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ይሆናል።

ፋኑ የማይፈታውም አለ። ከመሠረት ወደ ላይ የሚወጣ እርጥበት፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ የየራሳቸው መላ አላቸው። ከግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት የሚደርስ እርጥበት ካለ ከዚህ ፋን አይጠብቁ።

የቀረው ኮርኒሱ ነው። የድሮውን ቀዳዳ በአዲስ ችፑድ ደፍነው ዙሪያውን ያሽጉ፤ ክፍት ከቀረ እንፋሎቱ ያለ ፋንም ይወጣበታል። ከላይ ወጥተው በረጠበው አካባቢ ያለውን ሞራሌና ወራጅ በካቻቢቴ ጫፍ ይውጉት፤ እንደ ቂጣ የሚገባ ከሆነ ያ እንጨት ይለወጥ፤ ጠንክሮ ከመለሰዎ ይደርቃል። ያበጠ ችፑድ ግን ወደ ልኩ አይመለስም፤ ይቀየራል። የጠቆረውን ጠርዝ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው፣ ጓንት አድርገው፣ ፋኑ እየሠራ ይጠቡት፤ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በተመሳሳይ ቀን እንኳ አይጠቀሟቸው። ቀለም ለመቀባት አይቸኩሉ። ፋኑ ከተዛወረ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ያቆዩት፤ በዚያ መካከል ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማግስት በባትሪ ቆርቆሮውን ዳግም ይዩ። ሆዱ ደረቅ ከሆነ ያን ጊዜ ቀቢውን ይጥሩ።